ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ፦ የአሸንጌንና የመቅደላን ዐለቶች የሰየሙ የሥነ ምድር ሊቅ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ተዳፋት ተነሥቶ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አልፎ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚዘልቀው ምድር በአንድ ጠባዩ ይታወቃል። ሜዳው በድንገት ይቋረጥና ገደል ይሆናል፤ ገደሉም አንዱ በሌላው ላይ በተነጠፈ ጥቁር ዐለት እንደ ደረጃ ተሠርቶ ይታያል። በደረጃዎቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀይ አፈር የመሰለ ቀጭን መስመር ይገባል። አርሶ አደሩ በእርከኑ ላይ ያርሳል፤ ከእርከኑ ግርጌ ከሚፈልቀው ምንጭ ይቀዳል፤ ገበያ ሲሄድም አንዱን ገደል ወርዶ ሌላውን ይወጣል።

ይህ ዐለት ከምን እንደ ተገኘ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደ ተነጠፈና ስለ ምድሪቱ ታሪክ ምን እንደሚናገር በሥርዓት መርምረው ከጻፉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ናቸው። ብላንፎርድ ጋይንትን አልረገጡም። ወደ ኢትዮጵያ የመጡትም በሰላም እንግድነት ሳይሆን ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከተላከ ጦር ጋር ነበር። ይሁንና ከዚያ ጉዞ በኋላ ለዐለቶቹ የሰጧቸው ስሞች፣ ማለትም አዲግራት፣ ሕንጣሎ፣ አሸንጌና መቅደላ፣ 150 ዓመት ካለፋቸው በኋላም በኢትዮጵያ የሥነ ምድር ጽሑፎች ውስጥ ይሠራባቸዋል። ሊቁ በዘመናቸው ያልደረሱበት ነገር ቢኖር፣ የሰየሟቸው ዐለቶች አንድ የረጋ አህጉር ከሥሩ በተነሣ ቅልጥ ዐለት እንዴት እንደ ላላና ቅርጹን እንደ ለወጠ የሚመሰክሩ መሆናቸው ነው።

ትውልድና ትምህርት

ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1832 በለንደን ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በእንግሊዝ በብራይተን፣ በፈረንሳይ ደግሞ በፓሪስ ተከታተሉ። በመጀመሪያ የታሰበላቸው የሕይወት መስመር ንግድ ስለ ነበር ሁለት ዓመት ያህል በኢጣልያ የወደብ ከተማ በቺቪታቬክያ በአንድ የንግድ ቤት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1851 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ታናሽ ወንድማቸው ሄንሪ አዲስ በተቋቋመው የማዕድን ትምህርት ቤት ይማር ነበርና የእርሱን ፈለግ ተከተሉ። ከዚያም በጀርመን ሳክሶኒ ወደሚገኘው ዕውቅ የፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ሄደው ዕውቀታቸውን አዳበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1854 ሁለቱም ወንድማማቾች በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ሄንሪ ኋላ ፊቱን ወደ አየር ጠባይ ጥናት አዙሮ የሕንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ለመሆን በቅቷል። ዊልያም ግን በዐለት ጥናት ጸንተው እ.ኤ.አ. እስከ 1882 ድረስ ለ27 ዓመታት ያህል አገለገሉ።

ከታልቺር እስከ ደካን

ወንድማማቾቹ በሕንድ በመጀመሪያ ከተሰማሩባቸው ቦታዎች አንዱ በዛሬዋ የኦዲሻ ግዛት የሚገኘው የታልቺር የድንጋይ ከሰል መስክ ነበር። በዚያም ከሥራ ባልደረባቸው ከዊልያም ቴዎባልድ ጋር አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። እጅግ በደቀቀ ጭቃ ውስጥ ታላላቅ ቋጥኞች ተቀብረው ተገኙ። ቋጥኝ የሚያንከባልል ብርቱ ጎርፍ ቢሆን ኖሮ ደቃቁን ጭቃ ጠርጎ በወሰደው ነበር፤ ጭቃ የሚያሳርፍ የረጋ ውኃ ደግሞ ቋጥኝ ሊሸከም አይችልም። ወጣቶቹ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ አመዛዝነው ቋጥኞቹን ያመጣው በረዶ መሆን አለበት ከሚል ድምዳሜ ደረሱ። በሞቃታማዋ ሕንድ የበረዶ ግግር ነበረ ማለት በዘመኑ ብዙዎች በቀላሉ የሚቀበሉት አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን በሕንድ፣ በአፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካና በአውስትራሊያ የተገኙት ተመሳሳይ የበረዶ አሻራዎች አህጉራት በአንድ ወቅት አንድ ላይ እንደ ነበሩ ከሚያሳዩት ዋና ዋና ማስረጃዎች መካከል ተቆጠሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ለመጣው ሥራቸው ይበልጥ ያዘጋጃቸው ግን በ1860ዎቹ በምዕራብ ሕንድ ያካሄዱት ጥናት ነው። በዚያ ደካን በሚባለው አምባ ላይ ጥቁር ባዛልት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ሸፍኖ፣ ድርብ በድርብ ተነጥፎ ይገኛል። ብላንፎርድ ንጣፎቹን እየቆጠሩ፣ በመካከላቸው የገቡትን ቀያይ የአፈር መስመሮችና የጥንት ሐይቅ ቅሪቶችን እየመረመሩ ቅልጡ ዐለት የፈሰሰው ከባሕር በታች ሳይሆን በየብስ ላይ መሆኑን ተገነዘቡ። በናርማዳና በታፕቲ ሸለቆዎች ደግሞ ሌሎች ዐለቶችን ሰንጥቀው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው የቆሙ የባዛልት ዘንጎችን አጠኑ። ዳይክ የሚባሉት እነዚህ ግድግዳዎች ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ የተጓዘባቸው ስንጥቆች ናቸው። የዳይክ ትርጉም በኢትዮጵያ ምድር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የታወቀው ብላንፎርድ ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ወደ መቅደላ ያመሩ ሁለት መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ ላከ። ብላንፎርድም የሥነ ምድር ባለሙያ ሆነው ከጦሩ ጋር ተመደቡ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀምረው ነበር። በጋፋት የተሠራውንና ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ጨምሮ ከባድ መሣሪያዎቻቸውን በመንኮራኩር እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆ፣ ከዚያም ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ አመሩ። መድፉ በሚያልፍበት ሁሉ መንገድ አልነበረም። መንገዱ ዐለቱ እየተፈለጠ፣ አልበገር ሲልም በባሩድ እየተሰበረ ይሠራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል። በሰላም ጊዜ እግረኛ በጥቂት ቀናት የሚፈጽመው ጉዞ ግማሽ ዓመት ያህል ወሰደ። ያን ያህል ጊዜ ካስፈጀው አንዱ ምክንያት ደረጃ በደረጃ የተደራረበው ባዛልትና ወንዞች በውስጡ የቆፈሩት ሸለቆ ነበር።

ከሰሜን የመጣው ጦር ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ አርፎ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ ደቡብ ተጓዘ። ወታደሩ መንገድ፣ ውኃና ቀለብ ሲፈልግ ብላንፎርድ የዐለቱን ዓይነትና አቀማመጥ ይመዘግቡ፣ እንስሳትንና አዕዋፍን ይሰበስቡ ነበር። ዋድላ ሲደርሱ ጦሩ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩትን መንገድ አገኘ፤ ወደ ጅዳ ሸለቆ የወረደውም በዚያው መንገድ ነበር። ለመድፍ ማለፊያ የተፈለጠው የገደል ፊት ለሥነ ምድር ባለሙያው የዐለቱን ውስጥ ገልጦ የሚያሳይ መስኮት ሆነላቸው።

የእሮጌ ጦርነት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ተደረገ። ሚያዝያ 6 ቀን ጦሩ መቅደላ አምባ ላይ ሲወጣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አሳለፉ። አምባው ተቃጠለ፤ በዚያ የተከማቹት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳትም ተዘርፈው ከአገር ወጡ። ስለ ኢትዮጵያ ዐለቶች የተጻፈው ይህ ትልቅ ዕውቀት የተገኘው በዚህ አሳዛኝ ዘመቻ ጥላ ሥር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የተደራረበውን ምድር ማንበብ

ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1870 በለንደን ባሳተሙት የአቢሲንያ ሥነ ምድርና እንስሳት ጥናት ከባሕር ዳር እስከ መቅደላ ያዩትን በቅደም ተከተል አስቀመጡ። ከሁሉ በታች በሙቀትና በጫና የተለወጡ ጥንታውያን ዐለቶች አሉ። በእነርሱ ላይ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ በዚያም ላይ በጥንታዊ ባሕር ወለል የተከማቸው የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው።

የእሳተ ገሞራውን ዐለት በሁለት ከፈሉት። የታችኛውን አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ ብለው ሰየሙት። በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ያለው የታችኛው ክፍል በአብዛኛው ባዛልት ሲሆን ንጣፎቹ ያዘነበሉ ናቸው። የመቅደላው ክፍል ግን ከታችኛው በላይ በተስተካከለ ሁኔታ የተነጠፈና በጥቁሩ ባዛልት መካከል ትራካይት የተባለ ነጣ ያለ ዐለት የሚገኝበት ነው። ከሁለቱ ሌላ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያዩትን በጣም ወጣት የእሳተ ገሞራ ዐለት ከቀይ ባሕር ማዶ ካለችው ከዓደን ጋር አዛምደው የዓደን ክፍል አሉት።

ይህ ክፍፍል ከስያሜ ያለፈ ፍሬ ነገር ነበረው። የታችኛው ንጣፍ አዘንብሎ የላይኛው ቀጥ ብሎ ከተነጠፈ በሁለቱ መካከል ምድሪቱ ተንቀሳቅሳለች ማለት ነው። እሳተ ገሞራው መሬቱን ሸፍኖት ብቻ አልቀረም፤ የሸፈነው መሬት ራሱ እየተጣመመና እየተሰበረ ነበር። ብላንፎርድ ዕድሜን በዓመት ቁጥር የሚለካ መሣሪያ አልነበራቸውም። ይሁንና በዓይናቸው አይተው፣ በመዶሻቸው ፈልፍለው የደረሱበት ይህ ነጥብ ወደ ኋላ የሚመጣው ጥናት ሁሉ መነሻ ሆኗል።

የኋለኛው ዘመናቸው

ከመቅደላ መልስ ብላንፎርድ በሰሜን በኩል ወደ አንሰባ ሸለቆ ተጉዘው የእንስሳት ስብስባቸውን አጠናቀቁ። ከዚያም ወደ ሕንድ ሥራቸው ተመለሱ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከፋርስ የድንበር ኮሚሽን ጋር ተመድበው በምሥራቅ ፋርስ ተዘዋወሩ። እ.ኤ.አ. በ1879 ከሄንሪ ሜድሊኮት ጋር ያዘጋጁት የሕንድ ሥነ ምድር መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የመስኩ ዋና መመሪያ ሆኖ አገልግሏል።

እ.ኤ.አ. በ1874 የለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነው ተመረጡ። በ1883 የሥነ ምድር ማኅበር ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የዎላስተን ሜዳይ ተቀበሉ፤ ከ1888 እስከ 1890 የዚሁ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ። በፕሬዚዳንትነታቸው ማብቂያ ባቀረቡት ንግግር አህጉራትና ውቅያኖሶች ከጥንት ጀምሮ ባሉበት ጸንተው ኖረዋል የሚለውን የዘመኑን ሐሳብ በማስረጃ ተከራከሩ። ከዐለትና ከእንስሳት ስርጭት ያገኙት ዕውቀት ዛሬ በባሕር የተለያዩ አገሮች በአንድ ወቅት በየብስ የተገናኙ እንደ ነበሩ አሳምኗቸው ነበር። መልሱን አገኙት ማለት አይቻልም፤ ጥያቄውን ግን በትክክለኛው ስፍራ አስቀምጠውታል። ከጡረታ በኋላ የሕንድን የዱር እንስሳት የሚዘረዝረውን ታላቅ ተከታታይ መጽሐፍ በአርታኢነት መሩ፤ አጥቢዎችን የሚመለከተውንና ከአዕዋፉ ክፍል ሁለቱን ራሳቸው ጻፉ። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1905 በለንደን በ72 ዓመታቸው አረፉ።

ሊቁ ያልደረሱበት መልስ

ብላንፎርድ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር አህጉራት ይንሳፈፋሉ የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። በ1960ዎቹ ደግሞ የምድር ገጽ በሚንቀሳቀሱ ሰፋፊ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ መሆኑ በማስረጃ ተረጋገጠ። ለኢትዮጵያ ዐለቶች አዲስ ትርጉም የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የአህጉር ሰሌዳ ቅርፊቱንና ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ጠንካራ ዐለት ያጠቃልላል። ሰሌዳው በቀዘቀዘና በረጋ ቁጥር ይወፍራል፤ ይጠነክራልም። ውፍረቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ከሁለት ወገን በመጎተት ብቻ መበጠስ እጅግ አዳጋች ነው፤ ሰሌዳዎችን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ብዙውን ጊዜ ለዚያ አይበቃም። ያን የሚያስችለው ከሥር የሚነሣው ማግማ ማለትም ቅልጥ ዐለት ነው።

ከምድር ጥልቅ ክፍል የሚነሣው ትኩስ ዐለት ጠጣር እንደሆነ እጅግ በዝግታ ወደ ላይ ይሳባል። ወደ ገጹ ሲቃረብ የተጫነው ክብደት ይቀልለትና ከፊሉ ይቀልጣል። ቅልጡም በሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ ሙቀቱን አካፍሎ ጠንካራውን ዐለት ያላላዋል። ሁለተኛ፣ ከቅርፊቱ ሥርና በቅርፊቱ ውስጥ ተከማችቶ ውፍረቱን ይለውጣል፤ ከሥር ካለው ትኩስ ዐለት ግፊት ጋር ተዳምሮም ምድሪቱን ከፍ ያደርጋታል። ሦስተኛ፣ በስንጥቅ ውስጥ እየገባ በራሱ ግፊት ስንጥቁን ይከፍተዋል። ግንድ የሚፈልጥ ሰው ግንዱን በእጁ ጎትቶ አይሰነጥቀውም፤ ሽብልቅ ያስገባበታል። ብላንፎርድ በሕንድ ያጠኗቸው የዳይክ ግድግዳዎች እንዲህ ያሉ ሽብልቆች ናቸው። ቅልጡ በስንጥቁ ውስጥ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል፤ ስለዚህ የላላው ሰሌዳ በቀድሞ መልኩ ሳይሆን በአዲስ ቅርጽ ይረጋል።

በኢትዮጵያ ይህ ሂደት በግልጽ ይታያል። በሊማሊሞና በሌሎች ቦታዎች የተወሰዱ ናሙናዎች እንዳረጋገጡት ከአምባው ባዛልት ትልቁ ክፍል የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን የወሰደው ጊዜም ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ሺህ ሜትር ይደርሳል፤ የሸፈነው ስፋትም ወደ 600 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። በዚህ ጥናት መሠረት በአሸንጌና በመቅደላ ክፍሎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው እጅግ ያነሰ ሆኗል፤ ወሰናቸውም በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ተሻሽሏል። በሰፊው ንጣፍ ላይ ደግሞ ኋላ የተነሡ ታላላቅ ጋሻ መሳይ እሳተ ገሞራዎች ተቀመጡ። ሰሜን፣ ጮቄና ጉና ከእነርሱ መካከል ናቸው። የጉና ዐለት ዕድሜው ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን ይህም የዋናው ስምጥ ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል መከፈት ከጀመረበት ዘመን ጋር ይቀራረባል።

ብላንፎርድ ያስቀመጡት ቅደም ተከተል በዚህ ዕውቀት ሲታይ አዲስ ትርጉም ያገኛል። ቅልጡ ዐለት በመጀመሪያ በሰፊው አምባ ላይ ፈሰሰ፤ ቀጥሎ በተወሰኑ ተራሮች ላይ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻም ሰሌዳው ወደ ላላባቸው ጠባብ መስመሮች፣ ወደ አፋርና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ አዘነበለ። አህጉሩም በአፋር በሦስት አቅጣጫ ተሰነጠቀ፦ በቀይ ባሕር፣ በዓደን ባሕረ ሰላጤና በስምጥ ሸለቆ። በዙላ ያዩትና የዓደን ክፍል ያሉት ወጣት ዐለት የዚህ የመጨረሻው ደረጃ ፍሬ ነው።

ይህን ታሪክ በማጥናት ረገድ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ተቋማት ሰፊ ድርሻ አላቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሬት መንቀጥቀጥን መመዝገብ ጀመረ። ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት ትልቅ ጥናት በሰሜን ምዕራብ አምባ ሥር ያለው ቅርፊት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት እንዳለውና ከግርጌው ከማግማ የተፈጠረ ከባድ ዐለት እንደ ተከማቸ ታወቀ። በሴፕቴምበር 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ ማግማ በስንጥቅ ሲገባ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከ2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ተደጋግሞ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥም ከማግማ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ሲሆን በርካታ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። በጋይንት ገደል ላይ እንደ ጥንት ታሪክ የሚነበበው በአፋርና በአዋሽ ዛሬም በመፈጸም ላይ ነው።

ዐለቱና የአካባቢው ሕይወት

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር በስምጥ ሸለቆ ከተሰነጠቀው መስመር በስተ ምዕራብ የቀረ፣ ከፍ ያለ ግን ያልተበጠሰ አምባ ነው። ከፍታው ቀዝቃዛ አየርና ዝናብ ሰጥቶታል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይፈስሳሉ። ከባዛልቱ የተገኘው አፈር ገብስና ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ ያበቅላል። ይኸው ከፍታ ግን ለበሽሎና ለዓባይ ጥልቅ ሸለቆ የመቆፈር ኃይል ሰጥቷቸዋል። መንገድና ድልድይ መሥራት አስቸጋሪ የሆነው፣ ተዳፋት አፈር በክረምት በጎርፍ የሚታጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዐለቱን ቅደም ተከተል ማወቅ በዚህ ላይ ተግባራዊ ጥቅም አለው። በሁለት የባዛልት ንጣፎች መካከል የሚታየው ቀይ መስመር በሁለት ፍሳሾች መካከል ምድሪቱ ዐርፋ አፈር ያበጀችበት ዘመን ምልክት ነው። ከላይ ያለው የተሰነጣጠቀ ባዛልት የዝናቡን ውኃ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሸክላ የበዛበት ቀይ መስመር ግን ይገታዋል። ውኃውም በመስመሩ ላይ ተንሸራቶ በገደሉ ፊት ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ምንጭ ለማጎልበትም ሆነ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚሰማራ ባለሙያ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህን መስመር ነው። ያው መስመር በውኃ ሲርስ የላይኛው ዐለት የሚንሸራተትበት ስፍራ ሊሆን ስለሚችል መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስና ቤት የሚሠራ ነዋሪም ሊያውቀው ይገባል።

በደላንታ፣ ብላንፎርድ በተሻገሩት አምባ ገደል ውስጥ፣ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች መካከል ባለ ንጣፍ የከበረው የኦፓል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2008 ተገኝቶ ለብዙ ወጣቶች መተዳደሪያ ሆኗል። ማዕድኑ ያለበት ንጣፍ በገደል ፊት ላይ ስለሆነና ከላዩ ከባድ ዐለት ስለተጫነው ያለ ድጋፍ ወደ ውስጥ መቆፈር ለሕይወት አስጊ ነው። ሊቁ ያን ገደል ወርደው ሲወጡ የዐለቱን ተራ መዘገቡ እንጂ ኦፓሉን አላዩትም። ዛሬ ኦፓል የሚፈልግ ሰው ግን የትኛው ንጣፍ በየትኛው ላይ እንደ ተቀመጠ ከማወቅ ይጀምራል፤ ብላንፎርድ በ1868 የጀመሩትም ይህንኑ ንጣፍ የመቁጠር ሥራ ነበር።